የተቆለፈው ስክሪን ላይ የታየው ፊት

ደሴ በክረምት በቀትር መብራት ታበራለች። ጭጋጉ ከጦሳ ተንሸራቶ ፒያሳ ላይ ሲያርፍ ከሱቃችን በር ማዶ ያለው ፎቅ እንኳ ይጠፋል። እንዲህ ባለው ቀን ነው አንዲት ደንበኛችን ባንኮኒው ፊት ባለው ወንበር ተቀምጣ ተራዋን ስትጠብቅ፣ የአክስቴ ልጅ ላፕቶፑን ቆልፋ ቶነር ልታመጣ ወደ ጓዳ የገባችው። ሴትዮዋ ስክሪኑን አየት አደረገች፤ ከዚያ ጠጋ ብላ ትኩር አለች።

«ይሄማ አባዬ ነው» አለች ቀስ ብላ።

እኔ ኮፒ ማሽኑ ሥር ተጎንብሼ የተቀረቀረ ወረቀት እያወጣሁ ነበር። ቀና ስል በተቆለፈው ስክሪን ላይ በትልልቅ ካሬ ነጠብጣብ የተበተነ የሽማግሌ ፊት አየሁ። ነጭ ጥምጣም፣ ከሥሩ ጠይም ፊት፣ በግራ በኩል የደበዘዘ የመታወቂያ ጠርዝ። ለማያውቃቸው ሰው የቀለም ክምር ነው። ለልጃቸው ግን አባቷ ናቸው።

ከስምንት ቀን በፊት የውርስ ጉዳይ ይዛ መጥታ ነበር። የአባቷ መታወቂያ አርጅቶ ፎቶው ሊጠፋ ስለደረሰ ስካን አድርጌ፣ ፊታቸውን አጉልቼ፣ ጥላውን ሳነሳ ጥቁሩን ስመልስ አንድ ሰዓት ያህል ሠርቼበታለሁ። ታዲያ ያ ሥራ የእኔ አካውንት ላይ ነው የተሠራው። አሁን ላፕቶፑን የቆለፈችው የአክስቴ ልጅ ናት፤ በራሷ አካውንት፣ በሌላ ቀን፣ ሌላ ሥራ ላይ ሆና።

ወንበሮቹ ላይ ሌሎች ሦስት ሰዎች ነበሩ። ደሴ ትልቅ ከተማ ናት፤ የማን ልጅ ከማን ወንድም ጋር በውርስ እንደተካሰሰ እንዳይታወቅ ግን ያን ያህል አትሰፋም። ሮጬ ክዳኑን ዘጋሁት። ሴትዮዋ ፊቴን አይታ፣ «አብሽር ወንድሜ፣ ሰው ልብ አላለውም» አለችኝ። የእሷን ነገር ጥላ እኔን ማጽናናቷ የባሰ ከበደኝ።

ስለ ላፕቶፑ ትንሽ ልበል። አሮጌ ነው፤ ራሙ 4 ጊጋ ነው። ዊንዶውስ ሲከብደው ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ሥርዓት በምትኩ ጫንኩበት፤ ከዚያም ላይ አይ3 የሚባለውን ቀላል ዴስክቶፕ አደረግሁለት። ሦስት አካውንት አለው፦ የእኔ፣ የአክስቴ ልጅ፣ እና «እንግዳ» ያልነው። በእንግዳው ደንበኞች ራሳቸው ኢሜይላቸውን ይከፍታሉ፣ የፋይዳ መታወቂያቸውን አውርደው ለማሳተም ያዘጋጃሉ። መብራት ሲሄድ በባትሪ ስለሚቆይ፣ ማታም ክዳኑን ዘግተን ስለምናስተኛው፣ ላፕቶፑ ሳይጠፋ ሳምንታት ይከርማል። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስክሪኑን የሚቆልፈው አጭር ስክሪፕት ነው፤ በተራ የሚፈጸሙ ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል። ከኢንተርኔት ያገኘሁት ነው፤ ይህ ዓይነቱ ስክሪፕት በብዙ ሰው ኮምፒውተር ላይ አለ። ሦስት መስመር ነው። መጀመሪያ ስክሮት የተባለው ፕሮግራም ስክሪን ሾት ያነሳና የጋራ ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ፣ ቴምፕ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ኢሜጅማጂክ የተባለው የምስል ማስተካከያ ምስሉን ወደ አንድ አሥረኛ አሳንሶ መልሶ ያጎላዋል፤ ጽሑፉ ነጠብጣብ ይሆናል። በመጨረሻ ቆላፊው ፕሮግራም፣ አይ3ሎክ፣ ያን ምስል በስክሪኑ ላይ ዘርግቶ ይቆልፋል። ያምራል። ከጥቁር ስክሪን ይልቅ የራስህ ሥራ በነጠብጣብ ተሸፍኖ ሲታይ ደስ ይላል። ስጭነው የታየኝ ውበቱ ብቻ ነበር።

ያን ቀን ማታ ሱቁን ዘግተን ቁጭ አልን። የአክስቴ ልጅ፣ «ወንድምዓለም፣ እኔ ምንም አልነካሁም፤ እንደ ሁልጊዜው ነው የቆለፍኩት» አለችኝ። ልክ ናት። እሷ የተጫነችው ቁልፍ ትክክል ነው፣ ፓስወርዱም ይጠይቃል፣ ስክሪኑም ተቆልፏል። ከላይ ሲታይ የተበላሸ ነገር የለም።

በእሷ አካውንት ገብቼ ስክሪፕቱን በአቋራጭ ቁልፍ ሳይሆን ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት፣ ከተርሚናል አስነሳሁት። ይህ ቀላል የሚመስል ልዩነት ነው፤ ከዚያ ሌሊት ወዲህ ግን ማንኛውንም ችግር የምጀምረው ከዚሁ ነው። በአቋራጭ ቁልፍ የሚነሳ ስክሪፕት ስህተቱን የሚጽፍበት መስኮት የለውም። ያማርራል፤ የሚሰማው የለም። ከተርሚናል ሲነሳ ግን፣ ስክሪኑን በፓስወርድ ከፍቼ ስመለስ መልእክቱ ተጽፎ ጠበቀኝ፦ «ፐርሚሽን ዲናይድ»፤ ፈቃድ የለህም። ኢሜጅማጂክ ምስሉን ልጻፍ ሲል ተከልክሏል። ስክሪፕቱ ግን አንዱ መስመር ቢወድቅም ወደ ቀጣዩ ያልፋል፤ ስለዚህ አይ3ሎክ እዚያው የነበረውን አሮጌ ምስል አንስቶ ዘረጋው። አሮጌው ምስል ደግሞ የእኔ ነው።

ቴምፕን ዘርዝሬ ሳይ ፋይሉ በእኔ ስም ነው፤ ፈቃዱ 644። አንባቢው ካልተለማመደው፦ 4 ማንበብ፣ 2 መጻፍ፣ 1 ማስኬድ ነው። የመጀመሪያው አኃዝ የባለቤቱ ነው፣ ሁለተኛው የቡድኑ፣ ሦስተኛው የሌላው ሰው ሁሉ። 644 ማለት ባለቤቱ ያነባል፣ ይጽፋል፤ ሌላው ሁሉ ያነባል ብቻ። እንግዲህ የአክስቴ ልጅ አካውንት የእኔን ፋይል ማየት ይችላል፣ መቀየር አይችልም። አይ3ሎክ ማየት ብቻ ስለሚበቃው አሳየው።

ትንሽ ያደናገረኝ ቀኑ ነው። ፋይሉ የተጻፈበት ቀን ትናንት ይላል፤ ምስሉ ግን የስምንት ቀን ነው። ለምን የሚለውን ያገኘሁት ከሥሩ ያለውን ዝርዝር ሳይ ነው። ተመሳሳይ ስም ያላቸው፣ በመጨረሻቸው 000፣ 001፣ 002 እያሉ የሚቀጥሉ ፋይሎች እስከ 073 ድረስ ተደርድረዋል። ሰባ አራት ፋይል።

አዲሶቹ የስክሮት ሥሪቶች በነባር ፋይል ላይ ደርበው አይጽፉም። ስሙ ተይዞ ካገኙት ቁጥር ጨምረው በጎን ያስቀምጣሉ፤ እንዲደርቡ ከተፈለገ በግልጽ መታዘዝ አለባቸው። ስክሪፕቱ ሲጻፍ የነበረው ስክሮት ግን ይደርብ ነበር። ስለዚህ በእኔ ማሽን ላይ የሆነው ይህ ነው፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ስቆልፍ ምስሉ ተነሳ፣ በነጠብጣብ ተሸፈነ። ሁለተኛ ስቆልፍ አዲሱ ስክሪን ሾት 000 ተብሎ በጎን ተቀመጠ፤ ኢሜጅማጂክ ደግሞ ያንኑ የመጀመሪያውን ነጠብጣብ መልሶ በነጠብጣብ ሸፈነው፣ ቀኑንም አደሰው። ሦስተኛም፣ አራተኛም እንዲሁ። ሰባ አራቱ ፋይሎች ማንም ያልሸፈናቸው ናቸው። በቆለፍን ቁጥር ስክሪኑ ላይ የነበረው ሁሉ፣ ፊደል ሳይቀር፣ ፈቃዱ 644 ሆኖ በጋራ ፎልደር ተቀምጧል። እንግዳው አካውንትም ያነበዋል።

እዚህ ላይ እጄ ቀዘቀዘ። ኡቡንቱ ከ21.04 ጀምሮ የእያንዳንዱን ተጠቃሚ የግል ፎልደር ከሌሎች ይዘጋል፤ እኔም በዚህ ተማምኜ ነው እንግዳውን ለደንበኛ የለቀቅሁት። ክፍሎቹ ተዘግተዋል፤ ኮሪደሩ ላይ ግን የየክፍሉ ፎቶ ተለጥፏል።

ሦስት ፋይል ከፈትኩ። አንደኛው ኮምቦልቻ የታከመ ሰው የላቦራቶሪ ውጤት ነው። ሁለተኛው አረብ አገር ያለች እህት ለቤት መሥሪያ የላከችው ገንዘብ የባንክ ደረሰኝ፣ ከነሙሉ ቁጥሩ። ሦስተኛው የፋይዳ መታወቂያ፣ ፎቶው ከነቁጥሩ። አራተኛውን ሳልከፍት ቆምኩ። የምመረምረው የማሽኑን ስህተት ነው ብዬ ነበር፤ የማነበው ግን የሰው ጉዳይ ሆነ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል። አዋጁ ባይወጣም እኛ ባንኮኒ ላይ ወረቀቱን ገልብጣ የምታስቀምጥ ሴት ምን እንደፈለገች ለመረዳት ሕግ አያሻም። ለዓመታት ወረቀት ገልብጠው ሲያስቀምጡ አይቻለሁ።

ሊኑክስ ለቴምፕ ፎልደር የሚሰጠው ፈቃድ 1777 ነው። 777ቱ ሁሉም ያስገባ፣ ሁሉም ያንብብ ማለት ነው። ፊት ያለችው 1 ናት ፎልደሩን የምትጠብቀው፤ ስቲኪ ቢት ይሏታል። በወሎ ያደገ ሰው ያለ ኮምፒውተር ያውቃታል። ጁምዓ ዕለት መስጊድ በር ላይ ሰው ሁሉ ጫማውን ያወልቃል። ቦታው የጋራ ነው፤ መቶ ጫማ ተደርድሯል፤ ማንም ማስቀመጥ ይችላል፤ ሲወጣ ግን እያንዳንዱ የራሱን ብቻ ያነሳል። ስቲኪ ቢት ይኸው ነው፦ በጋራ ፎልደር ያኖርከውን ፋይል ከአንተ፣ ከፎልደሩ ባለቤትና ሩት ከሚባለው ባለሙሉ ሥልጣን አካውንት በቀር ማንም አያጠፋውም፣ ስሙን አይቀይረውም። ጫማው እንዳይወሰድ ይጠብቃል፤ ጫማው እንዳይታይ ግን አይሸፍነውም። መሸፈን የባለቤቱ ሥራ ነው፤ እሱን ነው ያልሠራሁት።

በዚያ ሌሊት ግን ገና ይህን አላብሰለሰልኩትም፤ ቶሎ እንዲስተካከል ብቻ ነበር የምፈልገው። ስክሪፕቱን በሱዶ፣ በሩት ሥልጣን አስነሳሁት። መልሱ ያው ሆነ፦ ፐርሚሽን ዲናይድ። ሩት ተከለከለ! ሊኑክስን ሳውቅ ሩት የሚከለከልበት ፋይል ያለ አይመስለኝም ነበር፤ ዲስኩ ሊሞት ነው ብዬ ሁሉ ፈራሁ። ነገሩ ግን የታሰበበት ጥበቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሊኑክስ እምብርት፣ ከርነል 4.19፣ ይህን ደንብ አመጣ፤ ዛሬ በብዙ ሥርዓቶች ላይ ገና ከጅምሩ በርቶ ይመጣል። ስቲኪ ቢት ባለው የጋራ ፎልደር ውስጥ አንድ ፕሮግራም «ከሌለ ፍጠርና ጻፍ» ብሎ ፋይል ሲከፍት፣ ፋይሉ ቀድሞ በሌላ ሰው ስም ካለ ይከለከላል፤ ከፋቹ ሩት ቢሆንም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ተንኮለኛ ተጠቃሚ ባለሥልጣኑ ፕሮግራም የሚጽፍበትን ስም አስቀድሞ ገምቶ በራሱ ስም ፋይል ፈጥሮ ሊጠብቀው ይችላል፤ ፕሮግራሙም ሳያውቅ ምስጢሩን እዚያ ላይ ይጽፋል። እኔ ያንን ተንኮል ሳላስብ ነው የሠራሁት፤ ስሙ የታወቀ ፋይል በጋራ ቦታ።

ከዚያም የባሰ አደረግሁ። የቴምፕን ፈቃድ 777 አልኩት። ሠራ። በሠራ ጊዜ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። በማግስቱ ዝርዝሩን ስመለከት በፎልደሩ ፈቃድ መጨረሻ ላይ የምትታየው ቲ ጠፍታለች። ስቲኪ ቢቷን እኔ ራሴ ነቅያታለሁ፤ የመስጊዱ በር ላይ ማንም የማንንም ጫማ ማንሳት ይችላል ብዬ አውጃለሁ። ሩትም የተፈቀደለት ጥበቃው ስለተነሳ ብቻ ነው። ወዲያው 1777 ብዬ መለስኩት። የፈቃድ ችግር ሲገጥም 777 ብሎ መገላገል በአገራችን ባለሙያዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ እኔም ከአንድ ሁለት ሰው ተምሬዋለሁ። እባካችሁ አታስተምሩት። ማሽኑ ያቀረበው ቅሬታ ዝም ይላል እንጂ የተነሳበት ነገር እዚያው ይቆያል።

ስለ መቆለፊያ ፕሮግራሞች አንድ ነገር ልጨምር። በአሮጌው የሊኑክስ መስኮት ሥርዓት፣ በኤክስ11፣ ስክሪን ቆላፊ እንደማንኛውም ፕሮግራም ነው፤ ሌሎቹን መስኮቶች ሸፍኖ ኪቦርዱንና ማውሱን ይይዛል። ከወደቀ ከኋላው ያለው ሁሉ ይገለጣል። ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤክስስክሪንሴቨርን የሠራው ጄሚ ዛዊንስኪ ቆላፊ ትንሽና ያልተወሳሰበ ይሁን እያለ ለዓመታት የወተወተው ለዚህ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ በሊኑክስ ሚንት ላይ ልጆች ኪቦርድ ሲደበድቡ ቆላፊው ወድቆ ዴስክቶፑ ተከፍቷል፤ ጉዳዩን በገንቢዎቹ መዝገብ ላይ ያመለከተው አባታቸው ነው። ኤክስ11ን እየተካ ባለው የመስኮት ሥርዓት፣ በዌይላንድ ላይ የመጣው አዲሱ የመቆለፊያ ስምምነት ቆላፊው ቢወድቅም ስክሪኑ ተዘግቶ እንዲቆይ ያደርጋል። የእኔ ቆላፊ ግን አልወደቀም። በሩን በሚገባ ዘግቷል። እኔ ከፊቱ ያስቀመጥኩት ጌጥ ነው ያፈሰሰው።

ማስተካከያው ረጅም አልነበረም። ምስል መያዝ ግድ ካለ ቦታው ቴምፕ አይደለም። እያንዳንዱ ተጠቃሚ ሲገባ ሥርዓቱ በስሙ የሚከፍትለት የሩጫ ጊዜ ፎልደር አለ፤ ፈቃዱ 700 ነው፣ ሌላ ተጠቃሚ አይገባበትም፣ የሚኖረው ሜሞሪ ላይ ነው፣ ተጠቃሚው ጨርሶ ሲወጣ ይጠፋል። ቴምፕ ግን ተጠቃሚው ቢወጣም ይቆያል። የእኛ ላፕቶፕ ሳይጠፋ ሳምንታት የሚከርም ስለሆነ ማስነሳቱ የሚያጸዳው ቆሻሻ ሁሉ ተከማችቶብን ነበር፤ ከላይ ያዙልኝ ያልኩት ይህንን ነው። የሊኑክስን አገልግሎቶች የሚያስተዳድረው ሲስተምዲ በመደበኛው ቴምፕን በ10 ቀን ያጸዳል፤ አንዳንድ የሊኑክስ ሥርጭቶች ይህን ትተው ኮምፒውተሩ ሲነሳ ብቻ ያጸዳሉ። የእኛው ሲነሳ ብቻ ከሚያጸዱት ወገን ነው።

የፋይሉን ስም ደግሞ ራሳችን አናውጣ። ሜክቴምፕ የሚባለው ትእዛዝ ማንም የማይገምተው ስም ይፈጥራል፣ ፈቃዱንም 600 ያደርገዋል፤ ባለቤቱ ብቻ። ከዚያ ስክሪፕቱ ሲያልቅ ፋይሉን እንዲያጠፋ «ትራፕ» ይታዘዛል። ትራፕ መብራት ድንገት ሲቋረጥ አይደርስም፤ ለዚህ ነው ሜሞሪ ላይ መኖሩ የሚጠቅመው። እና አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፦ ምስሉ ባይነሳም መቆለፉ አይቅር። ሦስቱን መስመር «ያኛው ከተሳካ ይህ ይከተል» ብለው የሚያያይዙ አሉ፤ ዲስክ የሞላ ቀን ስክሪኑ ሳይቆለፍ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ጽፌ፣ ፈትኜ፣ ሠርቶ ካየሁ በኋላ አጠፋሁት። አሁን አይ3ሎክ የሚዘረጋው አንድ ወጥ ቀለም ነው። የአክስቴ ልጅ አረንጓዴ መረጠች፤ ጥቁር ሲሆን ደንበኛ «ጠፍቷል» ብሎ ቁልፉን ይነካካል ትላለች። እውነቷን ነው።

ሰባ አራቱ ፋይሎች ቀሩ። ሰባ ሦስቱን በአንድ ትእዛዝ አጠፋኋቸው። አንዱን፣ 000ን፣ አልነካሁትም። መታወቂያውን በሠራሁበት ቀን ሁለቴ ነበር የቆለፍኩት፤ አንዴ ለምሳ፣ አንዴ መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ላስነሳ ስወጣ። የመጀመሪያው ምስል በነጠብጣብ ተሸፍኗል፤ ሁለተኛው፣ 000፣ የአባቷ ፊት ንጹሕ ሆኖ ያለበት ነው። የጨረስነውን ሥራ በሳምንቱ ስለምናጠፋ የተጸዳው ስካን ራሱ የለም። የቀረው ይህ ብቻ ነው፤ መቅረት ያልነበረበት። ወደ ራሴ የግል ፎልደር አዛወርኩት፣ ፈቃዱን 600 አደረግሁ፣ ስልክ ደወልኩላት።

በማግስቱ መጣች። ሰው እስኪወጣ ጠብቄ የሆነውን በሙሉ ነገርኳት፤ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ማን ሊያየው ይችል እንደነበር። ዝም ብላ ሰማችኝ። «አየው የምትለው ሰው አለ?» አለች። የለም ለማለት ማስረጃ እንደሌለኝ ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች።

«አሁን ፊትሽ ላጥፋው» አልኳት።

«አጥፋው» አለች። ከዚያ ላፕቶፑን ወደ ራሷ አዞረችው። ምስሉ የስክሪን ሾት ነው፤ ስክሪኑም 1366 በ768 ብቻ ነው፤ ዙሪያውን የፕሮግራሙ ቁልፎች ከበውታል፤ መካከል ላይ ግን አባቷ አሉ፤ ጥምጣማቸው ነጭ፣ ዓይናቸው ጥርት ያለ። ብዙ አየቻቸው።

«መጀመሪያ አንድ አውጣልኝ» አለች። «ዋናው መታወቂያ ላይ እንዲህ አይታይም።»

ዙሪያውን ቆርጬ ፊታቸውን ብቻ በፎቶ ወረቀት አተምኩት፤ ከመዳፍ አይበልጥም። ፋይሉን እሷ እያየች አጠፋሁት፣ የቆረጥኩትንም። ውጭ ዝናቡ ጀምሯል። የአክስቴ ልጅ ከላሚኔሽን ሳጥኑ ፕላስቲክ አውጥታ ፎቶውን ሸፈነችላት፤ ሴትዮዋ ነጠላዋ ውስጥ አድርጋው ወጣች።